አራት ጣት ሣር

ትራክተሩ የሞተው ሥራ ላይ ነው። ከኩሬው በላይ ያለውን ተዳፋት ግማሹን አጭዶ ማርሹ ገጭ አለና ቆመ። አጫጁ ወረደ። ዙሪያውን አንድ ጊዜ ዞረ፣ የሞተሩን ክዳን በመዳፉ ነካ፣ ከዚያ ሣሩ ላይ ተቀመጠ። ሃያ ስድስት ዓመት አብረው ሠርተዋል። ያዘነ ግን አይመስልም ነበር። አንገቱን ያሽ ነበር።

ቦታው የጡረተኞች መኖሪያ ነው። ሃያ ሁለት ሄክታር ነው፤ ሕንፃው የያዘው አንዱን እንኳ በቅጡ አይሞላም። የቀረው ሣር ነው። ከበሩ እስከ ሕንፃው ሜዳ፣ ወደ ኩሬው የሚወርድ ተዳፋት፣ በግንብ የታጠረ የአበባ ቦታ፣ መቶ ስልሳ ሦስት ዛፍ፣ አርባ አንድ አግዳሚ ወንበር። ነዋሪዎቹ ቀኑን የሚገፉት ሣሩን በማየት ነው፤ ሌላ የሚታይ ብዙ ነገር የለም። ስለዚህ አጫጁን ከገዛ ልጆቻቸው አብልጠው ያውቁታል። ስምም አውጥተውለታል፤ ማስመሪያ። ያለፈበት መስመር ክር ተወጥሮ የተሠራ ይመስላል።

ከማስመሪያ ኋላ ሁልጊዜ ሌላ ሰው ይሄዳል። ትራክተሩ ማጨጃውን ከኋላው የሚጎትት ስለነበር ዛፍ ሥር አይገባም። በየግንዱ ዙሪያ፣ በየወንበሩ ሥር፣ በየአጥሩ ጥግ ሣር ይተዋል። ያንን ትከሻው ላይ በሚያንጠለጥለው፣ ምላጩ የሚሽከረከር ክር በሆነ ክር ማጨጃ የሚከረክመው የማስመሪያ ዋርሳ ነው፤ የሚስቱ ታናሽ ወንድም። እሱን ደግሞ መቀስ ይሉታል። «ማስመሪያና መቀስ መጡ» ሲሉ የተማሪ ቦርሳ የሚፈትሹ ይመስላሉ።

መቀስ ሃምሳ አንድ ዓመቱ ነው። አላገባም። በእህቱ ቤት ጓሮ ባለች አንዲት ክፍል ይኖራል። ወደዚህ ሥራ ከመምጣቱ በፊት አሥራ አራት ዓመት ጠጥቷል። አልፎ አልፎ ይቀማምስ ነበር ማለት አይደለም። የእግሩን ጫማ ሸጦ ይጠጣ ነበር። እህቱ ወንድምሽ ሞቷል ተብላ ሁለት ጊዜ ተጠርታለች፤ ሁለቱንም ጊዜ በሕይወት አግኝታው ተሸክማ ተመልሳለች። ከዘጠኝ ዓመት በፊት ባሏ ክር ማጨጃውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለለትና «ከኋላዬ እየተከተልክ የተውኩትን ጨርስ» አለው። ያን ቀን አልጠጣም። በማግስቱም አልጠጣም። ለምን ሲሉት «እጄ ባዶ አይደለማ» ይላል እንጂ ሌላ ማብራሪያ የለውም። ቤተሰቡም ጠለቅ ብሎ አልጠየቀም። የቆመ ነገር ሲነካካ ይወድቃል ብለው ፈሩ።

ማስመሪያ ሃምሳ ስምንት ነው። ከኋላ የሚጎተት ማጨጃ የሚነዳ ሰው ሁለት ቦታ ማየት አለበት። ወደ ፊት ይነዳል፣ ወደ ኋላ ዞሮ የታጨደውን ይቆጣጠራል። እሱ ሃያ ስድስት ዓመት በቀኝ ትከሻው በኩል ሲዞር አንገቱ ባንድ ወገን ደርቆ ቀረ። ጠዋት ጠዋት ሸሚዙን የምታለብሰው ሚስቱ ናት። ሐኪሙ የአንገቱን ፎቶ መብራት ላይ ሰቅሎ ሲያይ ቆየና፣

«ወደ ኋላ ማየት ማቆም አለብዎት» አለው።

«ሚስቴም ይህንኑ ነው የምትለኝ» አለ ማስመሪያ።

ትራክተሩ በሞተ በሳምንቱ ሥራ አስኪያጇ ቢሮዋ ጠራችው። አርባ ያልሞላት፣ ፈጠን ፈጠን ብላ የምትናገር፣ ቃሏን የምታከብር ሴት ናት።

«አዲስ ማሽን ተፈቅዷል» አለችው። «እኔ ስለ ማሽን የማውቀው የለም። የሚነዱት እርስዎ ነዎት፣ እርስዎ ይምረጡ። ዋናው መሥሪያ ቤት ግን ምክንያቱን በጽሑፍ ይፈልጋል።»

ሃያ ስድስት ዓመት ሙሉ ምረጥ ያለው ሰው አልነበረም። የሥራ ልብሱን ቀለም እንኳ የመረጠለት ሌላ ነው። ስለዚህ ነገሩን እንደ ትልቅ ጉዳይ ያዘው።

ሻጩ ሦስት ማሽን በጭነት መኪና አምጥቶ ሜዳው ላይ ደረደራቸው። ጫማው ነጭ ነበር። ማስመሪያ ጫማውን አየና «ዛሬ አይሆንም። ዝናብ ሲዘንብ ተመለስ» አለው። ሻጩ የሚቀልድ መስሎት ሳቀ። ከሁለት ቀን በኋላ በጭቃ ጫማ ተመለሰ።

አንደኛው ማሽን እንደ ድሮው ከኋላ የሚጎትት ነው። ማስመሪያ አንገቱን ነካ አደረገና አለፈው። ሁለተኛው ማጨጃው ከነጂው እግር ሥር ነው፤ ባለበት ይሽከረከራል፣ ይፈጥናል። ሜዳው ላይ ደስ ይል ነበር። እርጥቡ ተዳፋት ላይ ሲደርስ ግን እንደ ሳሙና ተንሸራቶ ፊቱን ወደ ኩሬው አዞረ። ማስመሪያ እንደምንም አቆመውና ወርዶ ቁልፉን ለሻጩ ሰጠው።

«ዋና አልችልም» አለው።

ሦስተኛው ማጨጃው ከፊት የተገጠመ ነው። ነጂው ከበላይ ተቀምጦ የሚያጭደውን ሁሉ ከፊት ለፊቱ ያያል፤ ወደ ኋላ የሚያዞረው ነገር የለም። ማጨጃው ከፊት ጎማዎቹ ቀድሞ ስለሚወጣ ቅርንጫፍ ሥር ይገባል፤ ነጂው ከቅርንጫፉ ውጭ ይቀራል። ምላጩን ማጽዳት ሲያስፈልግ ማጨጃው ወደ ላይ ይነሳል። ማስመሪያ ድሮ በጀርባው ተኝቶ፣ ጭቃና ሣር ዓይኑ ውስጥ እየገባ ነበር ምላጭ የሚፍቀው። ማጨጃውን ሦስት ጊዜ አንስቶ አወረደው። አራተኛ ጊዜም አነሳው።

«አንድ ነገር ልንገርዎት» አለ ሻጩ። «የዚህ መሪ የሚያዞረው የኋላ ጎማዎቹን ነው። ወደ ግራ ሲያዞሩ ጭራው ወደ ቀኝ ይወረወራል። ሰው ፊት ፊቱን ሲያይ ጭራውን ይረሳዋል። የመጀመሪያው ሳምንት ሳይገጭ ያለፈ ነጂ አላየሁም። ለዚህ ነው ያልሠለጠነ ሰው እንዳይነካው ውሉ ላይ የሚጻፈው።»

ማስመሪያ ባዶ በርሜሎች አስደርድሮ ግማሽ ቀን በመካከላቸው ሲዞር ዋለ። አንዱንም አልነካም።

ፍተሻው በዚህ አላበቃም። ማሽኑ ላይ ሲቀመጥ ራሱ የሚደርስበትን ከፍታ በዱላ ለካና ዱላውን ቆረጠው። ከዚያ እሱና መቀስ ዱላውን ይዘው መቶ ስልሳ ሦስቱንም ዛፍ ዞሩ። መቀስ በየግንዱ ሥር እየተንበረከከ ማጨጃው የት ድረስ እንደሚገባ በእጁ ያሳያል። የአበባውን ቦታ በር በሜትር ለኩ፤ አንድ ሜትር ከስልሳ ሁለት። ሻጩ ሰፊውን ማጨጃ ካልወሰዳችሁ ብሎ ነበር።

«ሰፊው ቶሎ ይጨርሳል እኮ።»

«በሩን አፍርሼ ልግባ?» አለው ማስመሪያ። አንድ ሜትር ተኩሉን መረጠ።

ከነዋሪዎቹ አንዱ፣ አርባ ዓመት በዳኝነት የኖሩ ሽማግሌ፣ ከወንበራቸው ሆነው ይህን ሁሉ ሲከታተሉ ነበር።

«ማስመሪያ!» አሉት። «ሚስት ስታገባም እንዲህ ፈትሸሃል?»

«እኔ አልፈተሽኩም፣ ጌታዬ። እሷ ናት የመረጠችኝ።»

«እሷም አልፈተሸችም» አለ መቀስ ከዛፉ ሥር ሳይነሳ። «እኔ አስጠንቅቄያት ነበር።»

እሑድ ከሰዓት በኋላ ሦስቱ በወጥ ቤቱ ጠረጴዛ ዙሪያ ተቀመጡ። ማስመሪያ ይናገራል፣ ሚስቱ ትጽፋለች፣ መቀስ ያርማል። ከሦስቱ የሚነበብ የእጅ ጽሑፍ ያላት እሷ ብቻ ናት። ከመሥሪያ ቤቱ በመጣው ቅጽ ላይ «የተመረጠበት ምክንያት» ከሚለው ሥር ሰባት ባዶ መስመር ነበር። አንደኛ፣ ነጂው የሚያጭደውን በዓይኑ ያያል። ሁለተኛ፣ እርጥብ ተዳፋት ላይ አይንሸራተትም። ሦስተኛ፣ በአበባው ቦታ በር ይገባል። አራተኛው ላይ ማስመሪያ ቃል አጣ።

«ዛፍ ሥር ይገባል በይ» አላት።

«ይገባል ምን ማለት ነው?» አለ መቀስ። «ድመትም ይገባል። እስከ ግንዱ ያጭዳል በያት።»

«እስከ ግንዱ… ያጭዳል» አለች ሚስትየው እየጻፈች።

«በእጅ የሚከረከም ሣር አይተውም። እሱንም ጨምሪ። ተንበርክኬ ያየሁት እኔ ነኝ።»

ጨመረችው። ነጥቡን አሳምራ አኖረች። ወንድሟ ወረቀቱን ከፍ አድርጎ ያዘና እንደ ዜና አንባቢ ድምፁን አወፍሮ አነበበው፤ ሳቁ። ከሦስቱ አንዳቸውም ያ መስመር ምን እንደሚል አልሰሙም። ዕድሜውን ሙሉ ሣር ሲያሳምር የኖረ ሰው ጥሩ ማሽን ሲያይ የሚያስበው ስለ ሣሩ ነው።

ማሽኑ የመጣው ዝናቡ ሲጀምር ነው። ማስመሪያ በመጀመሪያው ሳምንት ሃያ ሁለቱን ሄክታር በሦስት ቀን ጨረሰ፤ ድሮ አምስት ቀን ይፈጅ ነበር። በአሥረኛው ቀን ጠዋት ሸሚዙን ራሱ ለበሰ። ሚስቱ በሩ ላይ ቆማ አየችውና ሻይ ልትቀዳ ሄደች። መቀስ ክር ማጨጃውን አንጠልጥሎ ከኋላ ሲከተል ዋለ። አንድ ሁለቴ ሞተሩን አስነስቶ መልሶ አጠፋው።

«ኧረ ምንም አልተውክልኝም!» ብሎ ሳቀ።

በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሥራ አስኪያጇ ማስመሪያን ጠራችው። ወረቀቱ ጠረጴዛዋ ላይ ነበር። አራተኛው መስመር በቀይ ተሰምሮበታል።

«ማሽኑን ወደውታል አይደል?»

«በጣም።»

«ዋናው መሥሪያ ቤትም ምርጫዎን ወዶታል። በተለይ ይሄን።» ወረቀቱን ወደ እሱ ገፋችው። «በእጅ የሚከረከም ከሌለ ሁለተኛው ሰው ለምን ያስፈልጋል ነው የሚሉት።»

ማስመሪያ ወንበር ሳበ። አልተቀመጠበትም።

«እንደዚያ ለማለት አይደለም የጻፍነው።»

«አውቃለሁ። ግን እንደዚያ ነው የሚለው።»

«ሌላ ቦታስ? ጥበቃ? ወጥ ቤት?»

«ጠይቄያለሁ። በሩን እንኳ በኤሌክትሪክ የሚከፈት ሊያደርጉት ነው።» እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ዝናቡ እስኪያበቃ ጊዜ ወስጄለታለሁ። ሦስት ወር። እስከዚያ የእጅ ሥራ መኖሩን በዓይኔ ካየሁ እንዲቆይ እጽፋለሁ። ከሌለ ግን አለ ብዬ አልጽፍም። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ማስመሪያ ለመቀስ አልነገረውም። ለሚስቱ ነገራት። ልብስ ታጥፍ ነበር፤ ማጠፏን አላቆመችም። የወንድሟን የሥራ ሱሪ አጠፈች፣ ዘረጋችው፣ እንደገና አጠፈችው።

«ጽፌው የለ በእጄ» አለች።

«ሁላችንም ነን።»

«ነጥቡን ሳይቀር አሳምሬ።» ሱሪውን ክምሩ ላይ አኖረች። «ተውለት።»

«ምኑን?»

«ጠርዙን። ድሮ ትራክተሩ ይተው የነበረውን ያህል ተውለት። ትመጣለች፣ ታያለች፣ ትጽፋለች። ማን ያውቃል?»

ማስመሪያ በማግስቱ ጠዋት ከበሩ ጀምሮ የመጀመሪያው ዛፍ ጋ ሲደርስ ማጨጃውን ከግንዱ ፈቀቅ አደረገው።

ሥራው ካሰበው በላይ ከበደው። ማሽኑ የተሠራው ሊገባ ነው፤ እጁ የለመደው ሊጨርስ ነው። ሁለቱንም በየዛፉ ሲታገል ይውላል። ዘወር ብሎ ግንዱ ሥር የቀረውን ሣር ላለማየት ይሞክራል፤ ያየዋል። ሃያ ስድስት ዓመት አንድ ዛፍ በተንዛዛ ሣር ተከቦ አይቶ ዝም ብሎ አልፎ አያውቅም። አሁን መቶ ስልሳ ሦስቱን ያልፋል። ከኋላው የክሩ ድምፅ ሲነሳ ይሰማና ትከሻው ይረግባል።

«ማስመሪያ፣ ዓይንህ ደከመ እንዴ?» አሉት ዳኛው አንድ ቀን፤ ወንበራቸው ሥር የቀረውን ሣር በምርኩዛቸው እየነካኩ።

«የዛፉ ሥር ያስቸግራል፣ ጌታዬ።»

«ወንበርም ሥር አለው?»

ማስመሪያ መሪውን አዙሮ ሄደ።

መቀስ መጀመሪያ ደስ ብሎት ነበር። «አየህ፣ ሻጩ ዋሽቶናል!» አለ፤ በሁለተኛው ሳምንት ግን ማፏጨቱን አቆመ። በሦስተኛው ሳምንት በየዛፉ ሥር ቁጢጥ ማለት ጀመረ። እጁን ሣሩ ላይ ያኖራል፣ ይነሳል፣ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። ማስመሪያ ከሩቅ አየው። ምን እንደሚያደርግ አልገባውም።

በሰባተኛው ሳምንት አርብ ከሥራ በኋላ ዕቃ ቤቱ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ነበሩ። መቀስ ክር ማጨጃውን ከትከሻው አወረደ።

«ጋሼ፣ እጅህን አምጣ።»

«ምን ልታደርገው?»

«አምጣዋ።»

ማስመሪያ እጁን ዘረጋ። መቀስ አራት ጣቱን ከአራት ጣቱ ጎን አስተካክሎ አኖረ።

«እኩል ነን» አለ። «ከበሩ እስከ ኩሬው ለካሁት። መቶ ስልሳ ሦስት ዛፍ፣ አርባ አንድ ወንበር። ሁሉም አራት ጣት። አምስት የሚሆን የለም። ሦስት የሚሆን የለም። ሰው ሲያቅተው አንድ ቦታ ይበዛል፣ አንድ ቦታ ያንሳል። አንተ ግን ማበላሸት እንኳ አታውቅበትም።»

«ማሽኑ ነው…»

«ማሽኑን አብረን ነው የመረጥነው። ተንበርክኬ አይቻለሁ እኮ።»

ማስመሪያ ነገረው። ቀዩን መስመር፣ ሦስቱን ወር፣ የሚከፈተውን በር። አሳጥሮ ነገረው፤ ረጅም አልነበረም። መቀስ ሰምቶ ሲጨርስ የጠየቀው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«እህቴ ታውቃለች?»

ማስመሪያ የዘይት ጣሳ ክዳን ይከፍትና ይዘጋ ነበር።

«የሷ ሐሳብ ነው።»

«እህ።» መቀስ ሳቅ አለ፤ ሳቁ ፊቱ ላይ ብዙ አልቆየም። «ዘጠኝ ዓመት ሙሉ አንተ ያልደረስክበትን ነበር የምሠራው። አሁን እንደ ሕፃን አኝከህ እያጎረስከኝ ነው።»

«ሥራ ነው። ሥራ እስከሆነ ድረስ…»

«ባልሠራው ምን ይጎድላል? ተመልሰህ አታጭደውም?»

«እስከ ዝናቡ ማብቂያ ብቻ እንታገሥ። ከዚያ ትጽፋለች። ከዚያ በኋላ ማንም አያየንም።»

«ከዚያ በኋላ አንተ እያበላሸህ እኔ እያስተካከልኩ እንኖራለን ነው የምትለኝ? ስንት ዓመት? ጡረታ እስክትወጣ?»

ማስመሪያ አዎ ለማለት ተዘጋጅቶ ነበር። አልወጣለትም። መቀስ ክር ማጨጃውን ሚስማሩ ላይ ሰቀለና «እሺ ጋሼ፣ ገብቶኛል» ብሎ ወጣ። ድምፁ የተቆጣ ሰው ድምፅ አልነበረም። ማስመሪያ ለሚስቱ «ተረድቶናል» አላት። ቅዳሜና እሑድ መቀስ ከክፍሉ ለምግብ ብቻ ወጣ፤ በላ፣ ሳህኑን አጠበ፣ ገባ።

ሰኞ ጠዋት ሚስትየው ቁርስ ልትጠራው ስትሄድ ክፍሉ ባዶ ነበር። አልጋው ተነጥፏል። «ቀድሞ ሄዶ ነው» አለ ማስመሪያ። አንድ ሰዓት ላይ መኖሪያው በር ሲደርስ ሣሩን አየና ቆመ።

የመጀመሪያው ዛፍ እስከ ግንዱ ታጭዷል። ሁለተኛውም። ሦስተኛውም። ወደ ውስጥ እየፈጠነ ሄደ፤ ከዚያ ሮጠ። ተዳፋቱ፣ የአበባው ቦታ፣ ወንበሮቹ፣ ሁሉም። በየግንዱ የዞረበት መስመር ጠማማ ነው፤ አንዳንድ ቦታ ሁለቴ ታልፎበታል። ግን በአንዱም ዛፍ ሥር፣ በአንዱም ወንበር ሥር በጣት የሚያዝ ሣር አልቀረም። ማሽኑ ዕቃ ቤቱ ፊት ለፊት ቆሟል። ማጨጃው ወደ ላይ ተነስቶ ምላጩ ታጥቧል። የኋላው ቀኝ ጥግ ተጣሟል፤ ጥጉ ላይ የዛፍ ልጣጭ ተለጥፏል።

ክር ማጨጃው ሚስማሩ ላይ ነበር። ተጠርጓል። አዲስ ክር ገብቶለታል።

የተገጨው ዛፍ የዳኛው ወንበር አጠገብ ያለው ነው። ልጣጩ ክንድ በሚያህል ርዝመት ተገሽልጦ ነጭ እንጨቱ ይታያል። ዳኛው በማለዳ ወጥተው ተቀምጠዋል።

«ከመስኮቴ አየሁት» አሉ። «ከሌሊቱ ስምንት ሰዓት ላይ ነው የጀመረው። ፊት ፊቱን እያየ ጭራውን ረሳው። ከገጨ በኋላ ወርዶ ዛፉን በእጁ አሸው። ከዚያ ቀጠለ።»

«ለሰው ነግረዋል?»

«አርባ ዓመት ምስክር ስሰማ ኖሬያለሁ። በዚህ ዕድሜዬ ምስክር አልሆንም።»

ሦስት ሰዓት ላይ ሥራ አስኪያጇ መጣች። ከመኪናዋ ወርዳ ቢሮዋ ሳትገባ ወደ ዛፎቹ ሄደች፤ እየዞረች አየች። ማስመሪያ ማሽኑ አጠገብ፣ የተጣመመውን ጥግ በጀርባው ከልሎ ቆመ።

«ታዲያ እስከ ዛሬ ሣር ሲቀር የነበረው ምን ሆኖ ነው?» አለችው።

መቀስ ነው ያጨደው ማለት ይችል ነበር። ያልሠለጠነ ሰው ማሽኑን ከነካ በዚያው ቀን እንደሚባረር ግን እሱም መቀስም ፈርመዋል። የምስክር ወረቀት እንኳ አይሰጠውም። ሌላ ቦታ ሄዶ ክር ማጨጃ እችላለሁ ቢል የሚያሳየው ነገር አይኖረውም። ማስመሪያ ይህን ሁሉ አሰበ፤ ብዙ ጊዜ አልወሰደበትም።

«መልመድ ነው» አላት።

«አሁን ለምደውታል?»

«ለምጃለሁ።»

ራሷን ነቀነቀች። ደስ ያላት አትመስልም ነበር። በዚያው ሳምንት ጻፈች። የጻፈችው ያየችውን ነው።

ማስመሪያ መቀስን ያገኘው ከሦስት ቀን በኋላ ነው፤ ከአውቶቡስ መናኸሪያው ጀርባ፣ ከቀትር በኋላ፣ ሦስት ጠረጴዛ ባለው መጠጥ ቤት። ቀደም ሲል እህቱ በሌላ በኩል ስትፈልግ ነበር፤ የድሮዎቹን ቤቶች ሁሉ ታውቃቸዋለች። ይህኛው አዲስ ነበር። መቀስ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ብርጭቆው ግማሽ ነው። ጫማው እግሩ ላይ ነው፤ ማስመሪያ መጀመሪያ ያየው እሱን ነው።

«ጋሼ! ተቀመጥ።»

ተቀመጠ። አስተናጋጇ መጣች፤ ምንም አልፈልግም አላት።

«እስከ ግንዱ ገባሁ አይደል?» አለ መቀስ።

«ገባህ።»

«ሁሉንም?»

«ሁሉንም። ዞሬ አይቻለሁ።»

«መስመሩ ግን…»

«መስመሩ ምንም አይልም።»

«ውሸታም» አለ መቀስ፤ ሳቀ። «ጭራው ነው የሸወደኝ። ዛፉ ይሞታል?»

«አይሞትም። ጭራው ሁሉንም ይሸውዳል።»

«አንተን አልሸወደም።»

ውጭ አውቶቡስ ሞተሩን አስነሳ፤ ብርጭቆዎቹ ተንቀጠቀጡ።

«ተነስ ቤት እንሂድ። እህትህ ሦስት ቀን አልተኛችም።»

«እመጣለሁ። እሷ ምን አደረገችኝ?» መቀስ ብርጭቆውን አነሳ፤ ግን አልጠጣም፤ በሁለት እጁ ይዞት ቆየ። «ከዚያስ፣ ነገ ጠዋት?»

«ምን?»

«ነገ ጠዋት። አንተ ትሄዳለህ። እኔ ምን ላድርግ?»

ማስመሪያ ሲመጣ መንገድ ላይ ብዙ ነገር አዘጋጅቶ ነበር። አንዱም ለዚህ ጥያቄ መልስ አልነበረም። መቀስ ጠበቀው። በእውነት ጠበቀው፤ ከሁለት ደቂቃ ያላነሰ። ከዚያ ጠጣ።

ያን ቀን ይዞት ገባ። ከዚያም በኋላ ብዙ ጊዜ ይዞት ገብቷል። እህቱ በጓሮው ክፍል በር ሥር ብርሃን መኖሩን ሳታይ መተኛት አትችልም። ወንድሟን አልወቀሰችም፤ ባሏንም አልወቀሰችም። ጽሑፍ ግን አትጽፍም። ከመሥሪያ ቤት ቅጽ ሲመጣ «ራስህ ሙላው» ትለዋለች፤ እሱም በማይነበብ ጽሑፉ ይሞላዋል።

ዝናቡ አበቃ፤ በዓመቱ ተመልሶ መጣ። ማሽኑ እንደተባለው ነው። አንድም ቀን አልተበላሸም፣ ተዳፋቱ ላይ አልተንሸራተተም። የማስመሪያ አንገት ድኗል ማለት ይቻላል። ሐኪሙ ሁለተኛውን ፎቶ አይቶ አመስግኖታል። ነዋሪዎቹ አሁን «ማስመሪያ መጣ» ይላሉ። መጀመሪያ ሰሞን አንዳንዶቹ «…ና» ብለው ይቆሙ ነበር። አሁን ለምደውታል።

የዳኛው ዛፍ ልጣጭ ዙሪያውን እየሸፈነ ነው፤ መካከሉ ግን እንደ ነጣ ቀርቷል። ዳኛው የሉም። ወንበራቸው ላይ ሌላ ሰው ይቀመጣል።

ባለፈው ሳምንት ማስመሪያ እዚያ ዛፍ ጋ ሲደርስ ማጨጃውን ከግንዱ ፈቀቅ አደረገው። አቅዶት አልነበረም። ዞረና አለፈ። አራት ጣት ሣር በግንዱ ዙሪያ ቀረ። ቀሪውን ሁሉ እስከ ግንዱ አጭዶ ጨረሰ፣ ማሽኑን አጠበ፣ ቁልፉን ሚስማሩ ላይ ሰቀለ።

በማግስቱ ዕቃ ቤቱ በር ላይ ከሥራ አስኪያጇ ቢሮ የመጣች ቁራጭ ወረቀት ተለጥፋ አገኘ። «አንድ ዛፍ ቀርቷል» ትላለች።

ቁልፉን አወረደ። ሞተሩን አስነሳ። ሄዶ አጨደው።